ከፍላንጁ ሥር የሚገባው ደረቅ ወረቀት

ባለፈው ወር ልጄ ሰላም የመታጠቢያ ክፍሏን አሳድሳ አዲስ የሽንት ቤት መቀመጫ አስገጠመች። የገጠመው ሰው ጨዋ ነው። ጫማውን በር ላይ በላስቲክ ሸፍኖ ገባ፣ በአርባ ደቂቃ ጨርሶ ወጣ። ያሳሰበኝም ይኸው አርባ ደቂቃ ነው። ሰውዬው በሩን እንደዘጋ ተንበርክኬ በመቀመጫው ዙሪያ ወለሉን በጣቴ ዳበስኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ጋዜጣ መፈለግ ጀመርኩ።

«እማ፣ ምን ፈለግሽ?»

«ጋዜጣ።»

«መነጽርሽ እኮ እኔ ጋ ነው።»

«ለማንበብ አይደለም።»

«ላት ማር! ሰውዬው ጋራንሲ ሰጥቶናል።»

ላት ማር በሆላንድኛ ተዪው ማለት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ትለኛለች፤ እኔም ትቼው አላውቅም። ጋራንሲ የሚሉት ዋስትና ወረቀት ነው፣ ውሃ ደግሞ ማንበብ አይችልም። ይህን ስላት ሳቀችና «ምን አይተሽ ነው ሁሉን እንዲህ የምትጠረጥሪው? እስኪ ጻፊው» አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራዬን ግን በደንብ አውቀው ስለነበር እንደምንም እጽፈዋለሁ።

ሆላንድ የገባሁት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰባዎቹ መጨረሻ፣ ሰላም አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ባለቤቴ ኃይሉ አዲስ አበባ ታስሮ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ ስንቅ ታደርስለታለች፤ በየሁለት ወሩም በጎረቤት ልጅ አጽፋ ደብዳቤ ትልክልኛለች። ደብዳቤው ውስጥ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጤናዋም፣ ስለ ሰፈሩም አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ኃይሉ ስንቁን ይቀበላል።» ስንቅ ከተቀበለ በሕይወት አለ ማለት ነው። የላኩት ምግብ ሳይነካ የተመለሰላቸውን ሴቶች አውቃለሁ።

ሮተርዳም ወደቡ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። በዚያ ዘመን ሐበሻ ሐበሻን ሲያይ ወይ ይሮጥና ያቅፈዋል፣ ወይ መንገድ ይሻገራል። እኔ ከሚሻገሩት ነበርኩ። ጆሮ ጠቢዎች እዚህም አሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ጽፈው ወደ አገር ቤት ይልካሉ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ኃይሉ ግን እጃቸው ላይ ነው፤ በእሱ ላይ ሙከራ አልሠራም። ትራም ውስጥ አማርኛ ከሰማሁ በሚቀጥለው ፌርማታ እወርዳለሁ። ሰላምንም «መንገድ ላይ ሰው ስምሽን ቢጠይቅሽ አልሰማሁም በይ» ብዬ አስተምሬአታለሁ። ዛሬ ሳስበው የአራት ዓመት ልጅ ላይ ከባድ ሸክም ነበር።

ከሮተርዳም ወደ ዴንሃግ ተዛወርን። እዚያው አጠገብ ራይስዋይክ የምትባል ከተማ ውስጥ ቢሮ ሳጸዳ ቆየሁና ኬስ የሚባል ሰው አገኘኝ። ኬስ አሮጌ ፎቆች ሲታደሱ የቧንቧውን ሥራ የሚወስድ ትንሽ ድርጅት ነበረው። ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ደህና ነው። የእኔ ሥራ ከሠራተኞቹ በኋላ ገብቼ አቧራና ስብርባሪ መጥረግ ነበር። ጋሽ ወልዱን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ወልዱ ኤርትራዊ ናቸው። የቧንቧ ሙያ አሥመራ ውስጥ ከጣሊያኖች ተማሩ፤ አማርኛውን ድሬዳዋ ሲሠሩ ነው የለመዱት። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ስገባ ከወለሉ ቀና ብለው አዩኝና በአማርኛ ጠየቁኝ፦

«ማን ላከሽ?»

«ኬስ።»

«ኬስንስ ማን ላከው?»

ቀልድ መሆኑ የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ግን ሁለታችንም እየተፈራራን ሠራን። እሳቸው እኔን የመንግሥት ሰው ናት ብለው፣ እኔ እሳቸውን የአማፂዎቹ ሰው ናቸው ብዬ። ምሳችንን በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ እንበላ ነበር።

ወደ ሙያው ያስገባኝ በር ነው። አምስተርዳም ኒው ዌስት የሚባለው ሰፈር የፎቅ ቤቶች እድሳት ሲጀመር ባሎቹ ሥራ ይውሉና ቤት የሚገኙት ሚስቶቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሞሮኳውያንና ቱርኮች። ወንድ ሠራተኛ ሲያንኳኳ አይከፍቱም። እኔ ሳንኳኳ በቀዳዳ ያዩኝና ይከፍታሉ። ኬስ ይህን አይቶ «አንቺ ከእንግዲህ አትጠርጊም» አለኝና የጋሽ ወልዱን የመሣሪያ ሣጥን አሸከመኝ። የጋሽ ወልዱም ጉልበት አልታጠፍ ብሎ ነበር። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ እኔ ወለል ላይ ሆኜ እሠራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ፍላንጅ መግጠም ነው። ፍላንጅ ማለት ከወለል ብቅ የሚለው የፍሳሽ ቧንቧ አፍ ላይ የሚጠልቅ ሰፊ ቀለበት ነው። በብሎን ከወለሉ ጋር ይታሰራል፣ በላዩ ላስቲክ ይደረግና መቀመጫው ይሰካበታል። ካለቀ በኋላ አይታይም። ጋሽ ወልዱ «የማይታየውን ነው መፍራት» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ቧንቧው በመጋዝ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አፍ በቢላ ይላጋል፣ ከውጭ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ከዚያ ፍላንጁ ያለ ሙጫ ይሞከራል፤ እስከየት እንደወረደ ቧንቧው ላይ በእርሳስ ይሰመራል። ውሃ ልክ ይቀመጥበታል። ሙጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ቧንቧው ላይ፣ ቀለበቱ ውስጥ፣ ከዚያ ጠምዘዝ አድርጎ መጫን፣ ጫን እንዳሉ መቆየት።

ይህ የመጨረሻው ነው ሰው የሚሰለቸው። ሙጫው እርጥብ እያለ ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፤ እጅ ከለቀቀው ፍላንጁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ለዓይን አይታወቅም። ጋሽ ወልዱ ሰዓት አይመለከቱም። በሁለት መዳፋቸው ተጭነው አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ ከመጀመሪያ እስከ አሜን ይደግማሉ። እኔ ግእዙን አላውቅም፤ አባታችን ሆይ እላለሁ። «ያንቺ በአማርኛ ስለሆነ ይረዝማል፣ የአንቺ ሙጫ ከእኔ ይበልጥ ይይዛል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። ፍላንጁ በብሎን ከመጥበቁ በፊት ከሥሩ ቧንቧው ላይ ደረቅ የጋዜጣ ቁራጭ ይጠመጥማሉ፤ ጫፉን እንደ ምላስ ወደ ውጭ ይተዉታል። ሙጫው ሲደርቅ ሁለት ባልዲ ውሃ በቧንቧው አፍ ያፈስሳሉ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ነው። በመጨረሻ ምላሱን ስበው ያወጡና በጉንጫቸው ይነኩታል። በእጅ አይደለም፤ የሠራተኛ እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ይዋሻል ይላሉ። ደረቅ ከሆነ መቀመጫው ይገባል። «ጨረስኩ» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። «ለዛሬ ደረቅ ነው» ነበር የሚሉት።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ጉልበታቸው ጭራሽ ባሰና ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ኒው ዌስት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሐበሻ ናት።

በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ያየሁት ከከፈተችልኝ በኋላ ነው፦ በቀለ። ሴትዮዋ፣ ብርሃኔ ትባላለች፣ ገና በር ላይ ሳለሁ «ውይ የአገሬ ልጅ! ስምሽ ማነው?» አለችኝ።

«አልማዝ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እውነተኛ ስሜ ወይንሸት ታምራት ነው።

ባልየው ሳሎን ነበር። መነጽር ያደረገ፣ ዝምተኛ ሰው። ሥራ ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ ቤት ምን ይሠራል? ስገባ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አንሥቶ ጋዜጣ ሥር ሲደብቅ አየሁት። በቃ፣ ጆሮ ጠቢ ነው፣ አልኩ በልቤ።

አሮጌውን አነሣሁ፣ ቧንቧውን ቆረጥኩ፣ ላግሁ፣ ሞከርኩ፣ በእርሳስ አሰመርኩ። እስከዚህ ድረስ አንድም ጥፋት የለብኝም። ሙጫውን ቀብቼ ፍላንጁን ተጭኜ አባታችን ሆይ ስጀምር ሰውዬው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አዲስ አበባ የት ነሽ?»

ጸሎቱን በልቤ ቀጠልኩ።

«ፊትሽ አዲስ አይደለም። የማን ልጅ ነሽ?»

የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ ላይ ደርሼ ነበር።

«ባለቤትሽስ? አብሮሽ ነው ወይስ አገር ቤት?»

ፍላንጁን ለቀቅኩት። ተነሣሁና «ሥራ ይበዛብኛል፣ ይቅርታ» አልኩ። ፍላንጁን በብሎን አጠበቅኩት፤ አንድ ጎኑ ትንሽ ተነሥቶ ስለነበር ብሎኑን በኃይል ስቤ ዝቅ አደረግኩት። ወረቀት አላደረግሁም። ውሃ አላፈሰስኩም። በዚያ ቤት ግማሽ ሰዓት ከምቀመጥ ከመስኮት ብዘል ይሻለኝ ነበር። መቀመጫውን ሰክቼ ወጣሁ። ብርሃኔ «ሻይ እንኳ ሳትጠጪ!» እያለች ደረጃው ድረስ ተከተለችኝ።

አምስት ሳምንት አለፈ። ኬስ አንድ ቀን ጠራኝና «የአገርሽ ሰዎች ቤት ችግር ተፈጥሯል። አከራዩ ድርጅት ሰው ይልካል፤ አንቺ አስተርጉሚ» አለኝ። ሳልፈልግ ሄድኩ።

ከታች ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ሜቭራው፣ ወይዘሮዋ ማለት ነው፣ ጣራቸው ላይ ትልቅ ቡናማ እድፍ ወጥቶ ጠርዙ መላጥ ጀምሯል። የአከራዩ ሰው ከእኔና ከሜቭራው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ባልዲ ቆሟል። ጣቱን ቀሰረበት።

«ወለሉን በባልዲ ውሃ ታጥቢያለሽ ወይ በያት።»

አልኳት።

«አዎ» አለች ብርሃኔ ኮራ ብላ። «ቅዳሜ ቅዳሜ። ሽንት ቤት በእርጥብ ጨርቅ ታሽቶ ይጠራል እንዴ? አንቺስ በምን ታጥቢያለሽ?»

እኔም በባልዲ ነበር የማጥበው። አገራችን ሽንት ቤት በውሃ ነው የሚጠራው፤ እዚህ ግን ወለሉ መውረጃ የለውም። ሰውዬውን «አዎ ታጥባለች» አልኩት። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ሰውዬው ጻፈ። ከዚህ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳቸው፣ ይህ ሁለተኛው እንደሆነ፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቤቱን እንደሚለቁ ተናገረ፤ ያንንም እኔው ተረጎምኩ። ብርሃኔ ፊቷ ተለወጠ።

«አልማዝዬ፣ የት ነው የምንሄደው? ይህን ቤት ለማግኘት አራት ዓመት ሆቴል ነው የኖርነው። በጨርቅ አደርገዋለሁ በይው፤ ከዛሬ ጀምሮ በጨርቅ!»

ባልየው እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

እድፉ ያለበትን ቦታ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ከቧንቧው ቀጥታ ሥር ነው። የባልዲ ውሃ ቢሆን በግድግዳው ጥግ ይወርድ ነበር።

ወደ ጋሽ ወልዱ ቤት ሄድኩ። የሚኖሩት ከውሃው ማዶ አምስተርዳም ኖርድ ነበር፤ በጀልባ ተሻገርኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ወረቀቱን አደረግሽ?»

«አላደረግሁም።»

«አቡነ ዘበሰማያትስ?»

«ስጠን ዛሬ ላይ ለቀቅኩት።»

ጉልበታቸውን እያሹ «እንግዲያው በደላችንን ይቅር በለን ጋ አልደረስሽም» አሉ።

በነጋታው ለኬስ ነገርኩት። ጮኸ፤ ሲጮህ ይሻለዋል። ከዚያ አንድ ቅጽ አወጣ። ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ከተባለ የሠራው ሰው ሙሉ ስሙን እንደ ፓስፖርቱ ጽፎ ይፈርማል፤ አንዱ ቅጂ ለአከራዩ፣ አንዱ ለተከራዩ ይሰጣል አለ። ለተከራዩ። ያ ሰው ስሜን በእጄ ጽሕፈት ሊይዘው ነው።

«ለእነሱ ቅጂ ባይሰጥስ?» አልኩት።

«ንጹሕ መሆናቸውን በምን ያሳያሉ ታዲያ?»

ያንን ቅዳሜና እሑድ በሕይወቴ አልረሳውም። ሳልፈርም ብቀር ከኬስና ከጋሽ ወልዱ ሌላ ማንም አያውቅም፤ ባልዲው ተመስክሮበታል። ብርሃኔ ግን ዕቃዋን ደረጃ ላይ ታወጣለች። ስሜን ከጻፍኩ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ወደ አገር ቤት ሊሄድ፣ ከሁለት ወር በኋላም እናቴ ስንቁን ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ሰላም በዚያ ቅዳሜ እኔ ባልዲ ይዤ ወለሉ ላይ ቆሜ ስቀር አይታ «እማ፣ ውሃው ቀዘቀዘ እኮ» አለችኝ። ባልዲው ሴቲቱ ላይ ሲመሰክር ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ወለል ማጠብ አልቻልኩም።

ሰኞ ሄድኩ። ጋሽ ወልዱ በምርኩዝ ሦስት ፎቅ እያቃሰቱ ወጡ፤ «ባልዲ የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል» ብለው ነው። መቀመጫውን አነሣሁ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። ፍላንጁ እንደ ድስት ክዳን በእጄ ተነሣ። ቧንቧው ላይ የእርሳሱ መስመር አለ፤ ሙጫው የያዘው ከመስመሩ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ያውም በአንድ ጎን ብቻ ነው። ባልና ሚስቱን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ያንቺ ባልዲ አይደለም» አልኳት ብርሃኔን። «የእኔ እጅ ነው።»

ያበላሸሁትን የቧንቧ አፍ ቆርጬ ጣልኩ፣ በአዲስ ቁራጭ ቀጠልኩት፣ አዲሱን ፍላንጅ ሞክሬ አሰመርኩና ሙጫ ቀባሁ። ተጫንኩ። ሰውዬው እንደዚያ ቀን በሩ ላይ ቆሟል። በዚህ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ጸለይኩ። ስጠን ዛሬ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ካድሬ ጸሎት አያውቅም ብዬ ልቤ ሊረጋ ሲል፣ ካድሬንም እናት ናት ያሳደገችው አልኩ።

ወረቀቱን ጠመጠምኩ። ሙጫው እስኪደርቅ ከጠበቅን በኋላ ጋሽ ወልዱ ሁለቱን ባልዲ ራሳቸው አፈሰሱ። ግማሽ ሰዓት አራታችንም ሳሎን ተቀመጥን። ከዚያ ምላሱን ስቤ አወጣሁና በጉንጬ ነካሁት። ለጋሽ ወልዱ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም በጉንጫቸው ነኩት።

«ለዛሬ ደረቅ ነው» አሉ።

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ትልልቅ ስለሆነ ከሩቅ ይነበባል። ሰውዬው ቅጂውን አንሥቶ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ወይንሸት ታምራት።» መነጽሩን አወለቀ። «አልማዝ አልነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

ብርሃኔ አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «አንቺ ሴት! ያን ቀን ሻይ ሳትጠጪ ስትሮጪ ጆሮ ጠቢ ናት ብለን፣ እሱ የሚጽፋቸውን ወረቀቶች ሁሉ በሣጥን አድርገን ከታች ለሜቭራው ሰጠናት። እስካሁን እሷ ጋ ነው። ጣራዋ ሲረጥብ ሣጥኑም ረጥቧል!»

«እኔም በቀለ አይደለሁም» አለ ባልየው። በር ላይ ያለው የሌላ ሰው ስም ነው አለ። የራሱን ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ደረጃውን ስንወርድ ጋሽ ወልዱ «ጥሩ ሰው ይመስላል» አሉ። ጆሮ ጠቢም ቢሆን «በቀለ አይደለሁም» ነበር የሚለው፣ አልኩ በልቤ።

ቤቱ አልተወሰደባቸውም። የእኔ ሁለት ወር ግን ገና መጀመሩ ነበር። የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስቴ እከፍታለሁ። ሦስት ወር ሆነ። በአራተኛው ደብዳቤው መጣ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው የቀደድኩት። ዝናብ ዘግይቷል ይላል። የእናቴ እግር አብጧል ይላል። ገጹን ገለበጥኩ። «ኃይሉ ስንቁን ይቀበላል።» እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ተፈትቶ መጣልን። ያ ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብርሃኔ ግን በየገናው ትደውልልኛለች፤ ወለሉን በጨርቅ እንደምታብስ ሳትነግረኝ አትዘጋም።

እንግዲህ ሰላም ቤት ያን ቀን ጋዜጣ አገኘሁ። ረጅም ቁራጭ ቀድጄ በመቀመጫው ዙሪያ ከሥሩ አስገባሁ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ለቀቅኩ፣ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ልጄ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ትስቅብኝ ነበር፤ ኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ወረቀቱን ስቤ አወጣሁና ለእሷ ሰጠኋት። በጣቷ ልትነካው ስትል «በጉንጭሽ» አልኳት።

«ደረቅ ነው» አለች። «አሁንስ አመንሽው?»

«ለዛሬ» አልኳት።